ፌም ላይ የጥቅሉ ኢንዳክታንስ ከልኬት ያንሳል፣ የአሉሚኒየሙ ብክነትም አይገጥምም

1 | ጥቅል200

ሰላም ቤቶች። ከአሉሚኒየም ላሜራ በላይ የተቀመጠ የአየር ጥቅል በፌም 4.2 (FEMM፣ የማግኔት መስክን የሚያሰላ ነጻ ፕሮግራም) ሠርቼ ቁጥሮቹ ከልኬት ጋር አልገጥም ብለዋል።

ጥቅሉ፦ የውስጥ ራዲየስ 20 ሚሜ፣ የውጭ ራዲየስ 40 ሚሜ፣ ቁመት 20 ሚሜ፣ 200 ዙር፣ 1.2 ሚሜ የሞተር መጠቅለያ ሽቦ።
ላሜራው፦ ክብ፣ ራዲየስ 100 ሚሜ፣ ውፍረት 10 ሚሜ። ከጥቅሉ ግርጌ ያለው ክፍተት 5 ሚሜ።
ሞዴሉ፦ አክሲሲሜትሪክ (በአንድ ዘንግ ዙሪያ የተመሳሰለ)። ጥቅሉ ብቻውን ሲሆን ድንበሩ 75 ሚሜ ራዲየስ ያለው ግማሽ ክብ፣ ላሜራው ሲጨመር 120 ሚሜ። በድንበሩ ላይ ኤ (የማግኔት ቬክተር ፖቴንሻሉ) ዜሮ ነው። ሜሹ (ሞዴሉ የሚከፋፈልባቸው ትሪያንግሎች) ሁሉም ቦታ 5 ሚሜ።

ውጤት፦ ጥቅሉ ብቻውን 1.88 ሚሊሄንሪ፣ 0.325 ኦም። በኤልሲአር ሜትር በ100 ኸርዝ ሲለካ ግን 2.03 ሚሊሄንሪ እና 0.59 ኦም። ላሜራውን ጨምሬ በ5 ኪሎኸርዝ 10 አምፔር ስሰጠው የላሜራው ብክነት 40 ዋት ይላል። በእውነቱ ግን ላሜራው ሥራ ሲጀምር በደቂቃ 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይሞቃል። 848 ግራም ስለሆነ ይህ ከ100 ዋት በላይ ነው።

ስህተቱ አንድ ነው ወይስ ብዙ?

---

2 | የድንበር ዘበኛ

ብዙ ነው፣ ግን አንድ በአንድ ይፈታል። መጀመሪያ ላሜራውን አውጥተህ፣ ፍሪኩዌንሲውን ዜሮ አድርገህ፣ ጥቅሉን ብቻውን አስተካክል። እዚያ ሳይገጥም 5 ኪሎኸርዝ ላይ መሮጥ ጊዜ ማባከን ነው።

እድለኛ ነህ፣ ሳታውቀው የብሩክስ ጥቅል ነው የሠራኸው። የውስጥ ራዲየሱ ከመስቀለኛ ክፍሉ ጎን ጋር እኩል ነው፣ መስቀለኛ ክፍሉም ካሬ ነው። ለዚህ ቅርጽ ኢንዳክታንሱ በትክክል ይታወቃል፦ 1.6994 ማይክሮሄንሪ × አማካይ ራዲየስ በሜትር × የዙር ብዛት በካሬ። 1.6994 × 0.03 × 40000 ሲባዛ 2039 ማይክሮሄንሪ፣ ማለትም 2.04 ሚሊሄንሪ ይሆናል። ሜትርህ ትክክል ነው፤ ጥፋቱ የሞዴሉ ነው።

የ8 በመቶው ጉድለት ሙሉ በሙሉ ከድንበሩ የመጣ ነው። ኤ ዜሮ ማለት ፍለክሱ (የማግኔት መስኩ ፍሰት) ግድግዳውን እንዳያልፍ መከልከል ማለት ነው። የሚመለሰው ፍለክስ በጠባብ ቦታ ይታጨቅና ኢንዳክታንሱ ይወርዳል። ስህተቱ በድንበሩ ራዲየስ ኩብ ነው የሚቀንሰው። ለአንተ ጥቅል በእጅ ሲሰላ፦

75 ሚሜ ላይ 8 በመቶ ገደማ
150 ሚሜ ላይ 1 በመቶ ገደማ
300 ሚሜ ላይ 0.1 በመቶ ገደማ

«ድንበሩን አርቀው» የሚለው ምክር እንግዲህ ቁጥር አለው። የአማካይ ራዲየሱን 5 እጥፍ ካደረግኸው ለብዙ ሥራ ይበቃል፣ 10 እጥፍ ከሆነ ደግሞ ጭንቀት የለም።

ከዚህ የተሻለው ግን ፌም ውስጥ ያለው የክፍት ድንበር መሥሪያ ነው። ሰባት ስስ ንብርብር ያላቸውን ቅስቶች ራሱ ይሠራል፣ ለእያንዳንዱም ፐርሚየቢሊቲ (መስክን የማሳለፍ አቅም) ይሰጣል፤ ከውጭ ያለውን ማለቂያ የሌለው አየር ይተካሉ። ንብርብሮቹ ከተሠሩ በኋላ ቁሳቁሳቸውን አትንካ፣ በውስጣቸውም ምንም ነገር አታስገባ።

አንዲት ማረጋገጫ ልጨምር። በዚያው 75 ሚሜ ክብ ላይ የድንበር ሁኔታውን ጨርሶ አንሳውና እንደገና አስላ። ድንበር ካልተሰጠ ፕሮግራሙ ፍለክሱ ግድግዳውን ቀጥ ብሎ እንዲወጋ ያደርጋል፣ ኢንዳክታንሱም ከእውነቱ በላይ ይወጣል። እውነቱ በሁለቱ መሐል ነው። ድንበሩ ክብ ከሆነና ጥቅሉ መሐሉ ላይ ከተቀመጠ፣ የሁለተኛው ስህተት የመጀመሪያው ግማሽ ነው፣ ምልክቱም ተቃራኒ። ስለዚህ ሁለተኛውን በሁለት አባዝተህ ከመጀመሪያው ደምረህ ለሦስት ስታካፍል ስህተቱ ይጠፋል። ወደ 2.12 የሚጠጋ ካገኘህ፣ 1.88 ሲደመር 4.24፣ ሲካፈል ለ3፣ 2.04።

---

3 | ባለ36 ክር

የ0.325 ኦሙን ምስጢር እኔ ልንገርህ። የጥቅሉ ብሎክ ላይ መዳብ ብለህ ሰጥተሃል፣ 200 ዙርም ጽፈሃል፤ የሽቦ ዓይነቱን ግን አልነገርኸውም። ስለዚህ ፕሮግራሙ 20 በ20 የሆነውን 400 ካሬ ሚሜ ሙሉ መዳብ ነው ብሎ ለ200 አካፈለው፣ ለአንድ ዙር 2 ካሬ ሚሜ። የ1.2 ሚሜ ሽቦ መዳብ ግን 1.131 ካሬ ሚሜ ብቻ ነው። የቀረው ቫርኒሽና አየር ነው።

በእጅ፦ ርዝመቱ 200 × 2 × 3.1416 × 0.03፣ ማለትም 37.7 ሜትር። በ1.131 ካሬ ሚሜ 0.575 ኦም፣ በ2 ካሬ ሚሜ ደግሞ 0.325 ኦም። ያገኘኸው ቁጥር ያው ነው።

መፍትሔው ቁሳቁሱን ስትገልጽ በላሚኔሽንና ሽቦ ክፍሉ ውስጥ «ማግኔት ዋየር» መርጠህ ዲያሜትሩን 1.2 ሚሜ ማለት ነው። የቫርኒሹን ውፍረት አትጨምር፣ የሚፈለገው የመዳቡ ብቻ ነው።

ይህ ለዲሲ ሬዚስታንስ ብቻ እንዳይመስልህ። በ5 ኪሎኸርዝ የመዳብ ስኪን ዴፕዝ (ተለዋዋጭ ከረንት ከገጹ ወደ ውስጥ የሚዘልቅበት ጥልቀት) 0.93 ሚሜ ነው። «የሽቦዬ ራዲየስ 0.6 ስለሆነ ችግር የለም» የሚል ሰው ለአንድ ብቸኛ ሽቦ ልክ ነው። እዚህ ግን ሽቦው በጎረቤቶቹ መስክ ውስጥ ተቀብሯል፤ ፕሮክሲሚቲ ብክነቱ ከዲሲው በላይ ይወጣል። ማግኔት ዋየር ካልክ ፌም ይህንን እያንዳንዱን ሽቦ ሳትስል በአማካይ ያስገባልሃል። ሳትል ግን ምንም አይጨምርም፣ በጸጥታ ያልፈዋል፤ አደገኛውም ይኸው ነው።

ሌላው፦ 10 አምፔር ያልከው አርኤምኤስ (ውጤታማ ዋጋው) ነው? ፌም በተለዋዋጭ ከረንት ችግር የሚቀበለው የጫፉን ዋጋ ነው። ለ10 አምፔር አርኤምኤስ 14.142 መጻፍ አለብህ። የሚሰጥህ ብክነት ደግሞ አማካይ ነው፤ እንደገና ለሁለት አታካፍለው።

---

4 | ሦስት ማዕዘን

ወደ ሜሹ እንምጣ። የስኪን ዴፕዝ ቀመር በሜትር፦ 503 × √(ሬዚስቲቪቲ ÷ (አንጻራዊ ፐርሚየቢሊቲ × ፍሪኩዌንሲ))።

ንጹሕ ከሚባለው አሉሚኒየም፣ ኮንዳክቲቪቲው 34 ሜጋ ሲመንስ በሜትር ገደማ ከሆነው፣ በ50 ኸርዝ 12 ሚሜ፣ በ5 ኪሎኸርዝ 1.2 ሚሜ ይወጣል። ፍሪኩዌንሲው መቶ እጥፍ፣ ጥልቀቱ አንድ አሥረኛ። አንተ 5 ሚሜ ሜሽ ነው የሰጠኸው። አብዛኛው ከረንት የሚፈስበት ቆዳ የኤለመንትህን ሩብ አያህልም።

ፌም አንደኛ ደረጃ ትሪያንግል ነው የሚጠቀመው። ፖቴንሻሉ በእያንዳንዱ ትሪያንግል ውስጥ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ የፍለክስ ዴንሲቲው ደግሞ ቋሚ። በኤክስፖኔንሻል የሚሞትን ነገር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ስትተካው ከረንቱ ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ ይዘረጋል፣ ዴንሲቲው ይቀንሳል፣ ብክነቱም ያንሳል። በአንድ ዳይሜንሽን ሒሳብ 1.2 ሚሜ ቆዳ በ5 ሚሜ ኤለመንት ከ20 እስከ 30 በመቶ ገደማ ብክነት ያስቀራል።

እንዲህ አድርግ፦ ላሜራውን በአንድ አግድም መስመር ለሁለት ክፈለው፣ የላይኛው 4 ሚሜ፣ የታችኛው 6 ሚሜ። ሁለቱም ያው አሉሚኒየም ናቸው። የላይኛው ላይ አውቶ ሜሹን አጥፍተህ 0.3 ሚሜ ስጠው፣ ታችኛው 2 ሚሜ ይበቃዋል። 100 ሚሜ በ4 ሚሜ የሆነው ሰቅ በ0.3 ሚሜ ወደ 10 ሺህ ትሪያንግል ይወስዳል። ለማንኛውም ላፕቶፕ ይህ ምንም አይደለም። ሙሉውን ሞዴል 0.3 ማድረግ ግን ያለ ጥቅም ማሽን ማንገላታት ነው።

ከዚያ 0.3ን 0.15 አድርገህ እንደገና አስላ። ብክነቱ ከ1 በመቶ በታች ከተንቀሳቀሰ ሜሹ አልቋል።

ቅይጡንም አረጋግጥ። 6061 ከሆነ ኮንዳክቲቪቲው ወደ 25 ይወርዳል፣ ስኪን ዴፕዙም በ5 ኪሎኸርዝ 1.4 ሚሜ ይሆናል። በገበያ «አሉሚኒየም» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም።

---

5 | ነገር ቀላል

ይህን ያህል ምን አስጨነቃችሁ? ፕሮግራሙ ስማርት ሜሽ አለው፤ ክፈተውና ተወው።

---

6 | ሦስት ማዕዘን

ስማርት ሜሽ የሚያየው ጂኦሜትሪን ነው። ማዕዘንና ጠባብ ቦታ ላይ ያጠራል። ፍሪኩዌንሲው 5 ኪሎኸርዝ መሆኑን አያይም፤ የተስተካከለ ጠፍጣፋ ላሜራ ደግሞ መሐሉ ላይ የሚያጠራበት ምክንያት የለውም። ለዲሲ ጥሩ ነው፣ ለኤዲ ከረንት (በአስተላላፊው ውስጥ ለሚዞረው ከረንት) ግን የምታውቀውን ስኪን ዴፕዝ ራስህ ንገረው።

---

7 | ጥቅል200

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እስካሁን፦

ክፍት ድንበር፣ ጥቅሉ ብቻውን፦ 2.04 ሚሊሄንሪ። ድንበር ሳይሰጠው በ75 ሚሜ የወጣው 2.12 ነው፣ የሦስትዮሽ አማካዩ ዘዴ ይሠራል።
ማግኔት ዋየር 1.2 ሚሜ፦ 0.57 ኦም።

የላሜራውን በ14.142 አምፔርና በአዲሱ ሜሽ ነገ አስገባለሁ። ግን የሚወጣው ቁጥር ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ? ለላሜራው የብሩክስ ዓይነት ቀመር አለ?

---

8 | የድንበር ዘበኛ

በትክክል የለም፣ ግን በእጅ የሚደረስበት ግምት አለ፤ ከፕሮግራሙ በፊት መሠራትም ያለበት እሱ ነው።

በ5 ኪሎኸርዝ ላሜራው ከስኪን ዴፕዙ 8 እጥፍ ይወፍራል፣ ስፋቱም ከጥቅሉ በእጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እንደ መስታወት አስበው። ከላሜራው በታች በተቃራኒ አቅጣጫ ከረንት የሚሸከም የጥቅሉ ምስል አለ። የጥቅሉ መሐል ከላሜራው 15 ሚሜ ላይ ስለሆነ ከምስሉ ጋር ያለው ርቀት 30 ሚሜ ነው። ሁለት ባለ 30 ሚሜ ራዲየስ ቀለበቶች በ30 ሚሜ ርቀት ያላቸው የጋራ ኢንዳክታንስ፣ በ200 ዙር ካሬ ተባዝቶ፣ 0.59 ሚሊሄንሪ ነው። ፍጹም አስተላላፊ ቢሆን ጥቅሉ 2.04 ሲቀነስ 0.59፣ 1.45 ሚሊሄንሪ ይሆን ነበር።

እውነተኛ አሉሚኒየም ላይ መስክ 1.2 ሚሜ ስለሚገባ ምስሉ በዚያ መጠን ይርቃል። በ31.2 ሚሜ የጋራ ኢንዳክታንሱ ወደ 0.56 ይወርዳል። እናም የምትጠብቀው 1.48 ሚሊሄንሪ አካባቢ ነው።

ብክነቱም ከዚያው ይወጣል። የጋራ ኢንዳክታንሱ በሚሊሜትር 0.029 ሚሊሄንሪ ገደማ ይቀንሳል። ይህን በስኪን ዴፕዙና በ31416 ራዲያን በሰከንድ ስታባዛው 1.1 ኦም ይሆናል። ላሜራው ለምንጩ የሚመስለው እንደ 1.1 ኦም ሬዚስታንስ ነው ማለት ነው። በ10 አምፔር አርኤምኤስ 110 ዋት። ከሙቀቱ ካገኘኸው ጋር አወዳድረው።

የ40 ዋቱም ታሪክ ይገባል፦ 110 በጫፍና በአርኤምኤስ ስህተት 55 ሆነ፣ 55 በሻካራው ሜሽ 40 ሆነ።

ሌላ ማረጋገጫ፣ ይሄኛው ለማንኛውም ሞዴል የሚሆን፦ የኃይል ሚዛን። ከሰርኪዩት ባሕርያቱ ላይ ቮልቴጅ ሲካፈል ለከረንት የሚለውን ውሰድ፤ የእውን ክፍሉ አጠቃላይ ሬዚስታንስ ነው። በአርኤምኤስ ከረንት ካሬ አባዛው። ከዚያ በብሎክ ኢንቴግራል የጥቅሉንና የላሜራውን አጠቃላይ ብክነት ደምር። ሁለቱ መግጠም አለባቸው። ለጥቅሉ ሬዚስቲቭ ብክነት የሚለውን ብቻ ከወሰድህ ፕሮክሲሚቲው ይቀርብሃልና አጠቃላይ የሚለውን ምረጥ።

---

9 | ብረት ለበስ

ውይይቱን ላለማደናቀፍ በአጭሩ፦ ያው ጥቅል፣ ላሜራው ግን 10 ሚሜ ተራ ብረት ቢሆንስ? ኮንዳክቲቪቲ 5 ሜጋ ሲመንስ፣ አንጻራዊ ፐርሚየቢሊቲ 1000 ብዬ ልስጠው?

---

10 | ሦስት ማዕዘን

1000 የሚባል ቁጥር የለም። አለ ብለህ ብትይዝ በ50 ኸርዝ ስኪን ዴፕዙ 1 ሚሜ፣ በ5 ኪሎኸርዝ 0.1 ሚሜ ነው። መስኩ በሙሉ በዚያ ስስ ቆዳ ስለሚታጨቅ የብረቱ ገጽ ሳቹሬት ያደርጋል (ማግኔትነቱ ይጠግባል)፣ ፐርሚየቢሊቲው ይወድቃል፣ ስኪን ዴፕዙ ይሰፋል። ማለትም ቁጥሩ ራሱ በከረንቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ከረንቱን በእጥፍ ስታሳድገው ብክነቱ አራት እጥፍ አይሆንም።

ሦስት ምርጫ አለህ። ከረንቱ ትንሽ ከሆነና ብረቱ ሳቹሬት ካላደረገ፣ የብረቱን ውስጥ ጨርሶ አትሥራ፤ ፌም ውስጥ «ስሞል ስኪን ዴፕዝ» የሚባል የድንበር ሁኔታ አለ፣ በብረቱ ገጽ ላይ ፐርሚየቢሊቲና ኮንዳክቲቪቲ ትሰጠዋለህ። 0.1 ሚሜ ቆዳን በሜሽ ከመሸፈን ይገላግላል፣ ግን ሊኒየር ነው። ከረንቱ መካከለኛ ከሆነ የቢ-ኤች ከርቩን (የብረቱን የማግኔት ባሕርይ መስመር) ስጠው፤ ፌም በተለዋዋጭ ከረንትም ከርቭ ይቀበላል፣ ሆኖም ሁሉንም ነገር እንደ ንጹሕ ሳይን ስለሚያይ የሚነግርህ የመሠረታዊውን ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው። ሦስተኛ ሃርሞኒኩ የሚያስጨንቅህ ከሆነ በጊዜ እየተራመደ የሚያሰላ ፕሮግራም ያስፈልግሃል። ኤልመር ወይም ጌትዲፒ ይህን ይችላሉ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው።

---

11 | ብረት ለበስ

ብረቱን በ0.5 ሚሜ ላሚኔሽን (በተደራረቡ ስስ ንጣፎች) ብተካውስ፣ እንደ ትራንስፎርመር?

---

12 | ባለ36 ክር

ለዚህ ቅርጽ አይጠቅምህም። ላሚኔሽን የሚሠራው ፍለክሱ በንጣፎቹ ርዝመት ሲሄድ ነው። ከጥቅሉ ሥር የሚመጣ ፍለክስ ንጣፉን ፊት ለፊት ይወጋዋል፤ ኤዲ ከረንቱ በንጣፉ ሰፊ ገጽ ላይ ይዞራል፣ ክፍልፋዩም አያግደውም። ፌም ላይ ላሚኔሽን ስትመርጥ አቅጣጫውን የሚጠይቅህ ለዚህ ነው።

---

13 | ማዕዘን ቀኝ

የእኔ ላሜራ ካሬ ነው፣ ጥቅሉም መሐሉ ላይ አይደለም። አክሲሲሜትሪክ አይሆንልኝም። በፕላነር ሠርቼ ጥልቀቱን ልስጠው?

---

14 | የድንበር ዘበኛ

አይሆንም እህቴ። ፕላነር ማለት ከረንቱ ከገጹ ወጥቶ እስከ ማለቂያ ድረስ ቀጥ ብሎ ይሄዳል ማለት ነው፤ የጥቅሉ ዞሮ መመለስ የለም። ይባስ ብሎ፣ በየትኛውም ሰርኪዩት ያልተካተተ አስተላላፊ ጫፎቹ ሩቅ ቦታ ላይ አጭር ተያይዘዋል ብሎ ይወስዳል። ላሜራው ላይ ዜሮ ጠቅላላ ከረንት ያለው ሰርኪዩት ካላሰርሽበት የሌለ ከረንት ይፈስበታል።

ለአንቺ ሦስት ዳይሜንሽን ግድ ነው። ጂኦሜትሪውንና ሜሹን በጂኤምሽ፣ ስሌቱን በጌትዲፒ ወይም በኤልመር። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ከቤልጂየሙ የሊየዥ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዙ ናቸው፣ ኤልመር የፊንላንዱ ሲኤስሲ ነው።

ከራስሽ ችግር በፊት ግን የቲም ችግር ቁጥር 7ን ሥሪ። ይህ የታወቀ የማወዳደሪያ ፈተና ነው፦ ጎኑ 294 ሚሜ፣ ውፍረቱ 19 ሚሜ የሆነ ካሬ አሉሚኒየም፣ ከመሐል ወጣ ያለ 108 ሚሜ ካሬ ቀዳዳ፣ ኮንዳክቲቪቲ 35.26 ሜጋ ሲመንስ፣ በላዩ ላይ ከመሐል የወጣ ባለ 2742 አምፔር-ዙር ጥቅል፣ በ50 እና በ200 ኸርዝ። የተለኩ የመስክ ዋጋዎች ታትመዋል። ስኪን ዴፕዙ 12 እና 6 ሚሜ ስለሆነ ሜሹ አይከብድም። ይህን ያላገኘ ሴቲንግ ያንቺንም አያገኝም።

በሦስት ዳይሜንሽን የሚያሰናክሉት ከሁለት ዳይሜንሽኑ ይለያሉ። ኤጅ ኤለመንት (ፖቴንሻሉን በነጥቦች ሳይሆን በጠርዞች ላይ የሚያሰላ) ተጠቀሚ። ፖቴንሻሉን በኖድ ኤለመንት መሥራት በብረትና በአየር መገናኛ ላይ፣ በተለይ ደግሞ በብረት ማዕዘን ላይ ውጤቱን ያበላሻል። የጥቅሉ ከረንት ዴንሲቲ ዳይቨርጀንሱ ዜሮ መሆን አለበት (ወደ አንድ ቦታ የገባው ሁሉ መውጣት አለበት)። በማዕዘን ላይ በቀመር የተጻፈ ከረንት በሜሹ ላይ ትንሽ ካፈሰሰ ኢቴሬቲቭ ሶልቨሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሬሲድዋሉ የሆነ ቦታ ደርሶ ይቆማል። ሰው ያኔ ቶለራንሱን ያላላል፤ ችግሩ ግን ምንጩ ላይ ነው። ኤልመር የግቤት ከረንቱን የሚያስተካክል አማራጭ አለው፣ እሱን ክፈቺው። የአየሩንም ኮንዳክቲቪቲ «ለሶልቨሩ እንዲመቸው» ብለሽ ትልቅ አታድርጊው።

---

15 | ነገር ቀላል

እኔ ደግሞ ክፍተቱን ከ2 እስከ 20 ሚሜ እየቀያየርኩ ኢንዳክታንሱን መሳል እፈልጋለሁ። በእጅ 19 ጊዜ ልሠራው ነው?

---

16 | ባለ36 ክር

በሉዋ ስክሪፕት ወይም በፓይተን ከፓይፌም ጋር። ቅደም ተከተሉ፦ ለጥቅሉ መስመሮች፣ ነጥቦችና የብሎክ መለያ አንድ የግሩፕ ቁጥር ስጥ፤ ፋይሉን በጊዜያዊ ስም አስቀምጥ፤ አስላ፤ ውጤቱን ጫን፤ የሰርኪዩቱን ባሕርያት አንብብ፤ ግሩፑን 1 ሚሜ ወደ ላይ አንቀሳቅስ፤ ድገም።

የሚሰናከሉበት ቦታ፦ ፋይሉን ሳታስቀምጥ እንዲያሰላ ብታዝዘው አያሰላም። የብሎክ መለያውን በግሩፑ ውስጥ ከረሳህ መስመሮቹ ይሄዳሉ፣ መለያው ይቀራል፤ ከጥቂት እርምጃ በኋላ አየሩ መዳብ ይሆናል። ስክሪፕቱም ስህተት ሳይናገር ቁጥር መስጠቱን ይቀጥላል። አዲስ ፋይል ስትከፍት ደግሞ መነሻው ኢንችና ፕላነር ነው፣ ሁለቱንም በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቀይር።

በጥቅሉ ላይ ያለውን ግፊትም ከፈለግህ፣ ከሁለት ቦታ ኢነርጂ ልዩነት አታውጣው። በየእርምጃው ሜሹ አዲስ ስለሚሆን በ0.1 ሚሜ እርምጃ የምታየው የሜሹን ጫጫታ ነው። ዌይትድ ስትረስ ቴንሰር የሚለውን ኢንቴግራል ተጠቀም፤ ዕቃው ዙሪያውን በአየር መከበብ አለበት፣ ክፍተቱም ውስጥ ቢያንስ ሦስት ረድፍ ትሪያንግል ይኑር።

---

17 | ጥቅል200

ውጤት ከላሜራው ጋር፣ 5 ኪሎኸርዝ፣ 14.142 አምፔር ጫፍ፣ ክፍት ድንበር፣ የላይኛው 4 ሚሜ በ0.3 ሜሽ፦

ኢንዳክታንስ 1.48 ሚሊሄንሪ። የላሜራው ብክነት ከ110 ዋት ብዙም አልራቀም። ሜሹን 0.15 ሳደርገው የተቀየረው ከ1 በመቶ በታች ነው። የኃይል ሚዛኑ ገጥሟል።

ያላሰብኩት የጥቅሉ ነው። ሬዚስታንሱ ከ0.57 ወደ ከእጥፍ በላይ ወጣ፣ ከላሜራው የበለጠ የሚሞቀው ጥቅሉ ሆነ። ሽቦውን ላወፍረው?

---

18 | ባለ36 ክር

ስታወፍረው ይብስብሃል! በዚህ ክልል የአንድ ክብ ሽቦ ፕሮክሲሚቲ ብክነት በዲያሜትሩ አራተኛ ኃይል ነው የሚያድገው። ማድረግ ያለብህ ተቃራኒውን ነው፦ ያንኑ መዳብ በቀጫጭን ክር ከፋፍለው። 1.131 ካሬ ሚሜ ማለት 0.2 ሚሜ የሆኑ 36 ክሮች ናቸው። እያንዳንዱ ክር ብክነቱ በ1296 ይቀንሳል፣ ክሮቹ 36 ስለሆኑ ጠቅላላው ፕሮክሲሚቲ በ36 ይቀንሳል። የዲሲው 0.575 ግን አይነካም። የስሜ ምንጭም ይኸው ነው።

ክሮቹ ተገምደው ቦታ የሚለዋወጡ ሊትዝ መሆን አለባቸው፤ ጎን ለጎን ተይዘው ዝም ብለው የተጠቀለሉ 36 ክሮች በጫፋቸው ስለሚገናኙ በመካከላቸው የሚዞር ከረንት ይኖራል። በፌም የሽቦ ዓይነት ውስጥ ሊትዝ አለ፣ የክሩን ብዛትና ዲያሜትር ይጠይቅሃል። ሞዴሉ ግምዱ ፍጹም ነው ብሎ እንደሚወስድ እወቅ። የሊትዝ ሐርና ቫርኒሽ ቦታ ይበላል፤ 200 ዙር በ20 በ20 ውስጥ መግባቱን ከመግዛትህ በፊት ቁጠር።

---

19 | የድንበር ዘበኛ

ሞዴሉ የማይነግርህ አንድ ነገር አለ። ይህ ሁሉ ስሌት ዲስፕሌስመንት ከረንትን ትቶ ነው የሚሠራው። በ5 ኪሎኸርዝ የሞገድ ርዝመቱ 60 ኪሎሜትር ስለሆነ ለመስኩ ምንም ችግር የለውም፣ ግን በጥቅሉ ዙሮች መካከል ያለው ካፓሲታንስ ውስጡ የለም። ፍሪኩዌንሲውን ወደ ላይ እየገፋህ ከሄድህ ጥቅሉ በራሱ ሬዞኔት የሚያደርግበት ቦታ አለ፤ ፌም አያሳይህም፣ በሜትር ነው የሚገኘው።

ቮልቴጁንም አየኸው? 1.48 ሚሊሄንሪ በ5 ኪሎኸርዝ 46.5 ኦም ነው፣ በ10 አምፔር 465 ቮልት አርኤምኤስ። በምን ልታነዳው ነው?

---

20 | ጥቅል200

ከኢንቨርተሩ ጋር በተከታታይ ካፓሲተር። 0.68 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት የሚል ፖሊፕሮፒሊን አለኝ።

---

21 | የድንበር ዘበኛ

0.68 ልክ ነው፣ ከ1.48 ሚሊሄንሪ ጋር 5 ኪሎኸርዝ ላይ ይሬዞኔታል። 630ው ግን የዲሲ ነው። 465 አርኤምኤስ ጫፉ 657 ቮልት ነው፣ ገና ስትጀምር አልፈኸዋል። የእንደዚህ ያለ ካፓሲተር የኤሲ ልክ ደግሞ ከዲሲው በእጅጉ ያነሰ ነው፣ ፍሪኩዌንሲው ሲጨምርም ይበልጥ ይወርዳል። ዳታ ሺቱ ላይ የኤሲ ቮልቴጅ በፍሪኩዌንሲ የሚለውን ከርቭ ፈልግ፣ የ10 አምፔር አርኤምኤስ ከረንቱንም አረጋግጥ። ያለዚያ ሁለት ሁለት በተከታታይ፣ ሁለቱን ጥንድ በትይዩ፤ አራት ባለ 0.68 ያንኑ 0.68 ይሰጡሃል፣ እያንዳንዱም ግማሽ ቮልቴጅና ግማሽ ከረንት ይሸከማል።

ላሜራው ሳይኖር አታብራው። ኢንዳክታንሱ ወደ 2.04 ስለሚመለስ ሬዞናንሱ ወደ 4.3 ኪሎኸርዝ ይወርዳል፤ ኢንቨርተርህ ፍሪኩዌንሲውን የሚከተል ከሆነ ከረንቱን የሚገድብ ነገር ጥቅሉ ራሱ ብቻ ይሆናል።

---

22 | ጥቅል200

አራቱን አዝዣለሁ። ሊትዙ 1.6 ሚሜ ውጫዊ ዲያሜትር አለው ይላል፣ በ20 ሚሜ 12 ዙር ነው የሚገባው፣ 12 በ12 ደግሞ 144። የውጭ ራዲየሱን ወደ 44 አሰፋዋለሁ ወይስ ዙሩን ልቀንስ?

---

23 | ባለ36 ክር

44 አይበቃም። በ24 ሚሜ ስፋት 15 ንብርብር፣ በ12 ዙር 180 ነው። 17 ንብርብር ያስፈልግሃል፣ 27.2 ሚሜ፣ የውጭ ራዲየስ 47.5 አድርገው። ያኔ ኢንዳክታንሱ ስለሚጨምር ካፓሲተሩን ከመግጠምህ በፊት ሞዴሉን በአዲሱ ቅርጽ እንደገና አስላው። ወይም 144 ዙር ላይ ቆይና ከረንቱን 13.9 አምፔር አድርገው፤ አምፔር-ዙሩ ያው ነው፣ ቮልቴጁም ወደ 335 ይወርዳል፣ ካፓሲተሩ ግን 1.3 ማይክሮፋራድ ይሆናል። ኢንቨርተርህ 13.9ን ከቻለ እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።